በቅጠሉ የሚበላ ዛፍ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ቀቢው» በሚል ስም ነው። ብሩሽ መጨበጥ ከተወ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም ስሙ ልብስ ላይ እንደደረቀ ቀለም አልለቅ ብሎት ቀርቷል። ወደዚያ ግቢ መጀመሪያ የገባው ግድግዳ ሊቀባ ነበር። የግቢው ባለቤት፣ ኋላ አማቱ የሆኑት ሴትዮ፣ ሳሎኑ ነጭ፣ በርና መስኮቱ አረንጓዴ እንዲሆን አዘዙት። እሱ ግን ሥራውን እያንቀረፈፈ፣ የደረቀው ላይ እንደገና እየደረበ፣ መፋቅ የማያስፈልገውን እየፋቀ ሰነበተ። ምክንያቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ የምትሰፋው የቤቱ ልጅ ነበረች። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ አማቱ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ግድግዳ ቅባ ብዬ ባስገባው ልጄን ቀብቶ ወሰዳት» ይሉ ነበር። «ወሰዳት» ማለታቸው ለወሬ ማሳመሪያ ነው እንጂ የትም አልወሰዳትም፤ እሱው ራሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ገባ።

ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ትከሻው መሰላል ከመሸከም ብዛት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሰው ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ ከመቀመጡ በፊት ግድግዳውን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸም ካላደረገችው ጋባዦቹ ፊት ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተደረበ ይናገራል። በተረፈ ዝምተኛ ነው። ዝምታው ግን የኩራት ወይም የኩርፊያ አይደለም፤ የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ በሆዱ አገላብጦ የሚያይ፣ ሲያየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባይናገረው የሚመርጥ ሰው ስለሆነ ነው።

ከቤቱ ጀርባ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ የብርቱካን ቦታ አለ። ዛፎቹን የተከሉት የሚስቱ አባት ናቸው። እሳቸውም ቃል ቆጣቢ ነበሩና አማቻቸውን ያስተማሩት በጣታቸው እየጠቆሙ ነው፤ ይህን ቅርንጫፍ ቁረጥ፣ ያኛውን ተው፣ ውሃው ግንዱን አይንካ። ሁለቱ ዝምተኞች አንድ ሙሉ ቀን አብረው ውለው ሲመለሱ አማቱ በረንዳው ላይ ሆነው፣ «ዛሬስ ምን ተጨዋወታችሁ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አዛውንቱ ሲያልፉ መቀሱም ቱቦውም ቀቢው እጅ ላይ ቀረ። ማንም ና አላለውም፣ ማንም ተው አላለውም። ቀስ በቀስ የቀለሙን ሥራ እየቀነሰ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ቤት ከመፈለግ ይልቅ ዛፍ ሥር የሚፈለግ ሰው ሆነ።

ስለ ቀለም ሥራ የሚከነክነው አንድ ነገር ነበር። ግድግዳን ምንም ቢያሳምሩት ባለቤቱ አንድ ቀን ይሰለቸውና ሌላ ቀለም ይደርብበታል። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ቢዞር «ይህ የእኔ እጅ ነው» የሚለው አንድ ግድግዳ አያገኝም። ዛፍ ግን የተደረገለትን ይዞ ይቆያል፤ የተቆረጠበትን ቦታ እንኳ በዓመቱ ጠባሳው ላይ ቅርፊት ጠቅልሎ ያሳያል። ይህን ሐሳቡን አንድ ጊዜ ለሚስቱ ሊነግራት ሞክሮ ነበር። እሷ ግን በጥርሷ መርፌ ይዛ ነበርና «እም» ብላ አለፈችው። ደግሞ አልነገራትም።

ብርቱካኖቹ በአንድ ጀምበር አልተበላሹም። መጀመሪያ ቅጠሎቹ ጠበቡ። ከዚያ በጅማቶቻቸው መሐል ብጫ ብጫ እያሉ ከሩቅ ሲታዩ ከሕመም የተነሳ ሰው ፊት መሰሉ። ፍሬው አነሰ፤ ልጣጩ እንደ ጫማ ቆዳ ወፈረ፤ ሲቆረጥ ውስጡ ደረቅ፣ አንዳንዱም ከልጣጩ ሥር ባለው ነጭ ላይ ሙጫ የቋጠረ ሆነ። አማቱ ደግሞ በግቢው በር ወንበር አውጥተው ፍሬውን የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው። ሽያጩ ለሳቸው ወግ ነበር። ለመጣው ሰው እየመረጡ ይሰጣሉ፣ የቤተሰቡን ጤና ይጠይቃሉ፣ ያላገባ ካለ የሚሆነውን ሰው ስም ያነሳሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ብርቱካን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች።

«እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን አደረግሽ?»

«እኔማ ምንም አላደረግሁም። ብርቱካኑ ነው። ልጬ ልጬ ስደርስ ቤት ውስጥ ማንም የለም።»

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አማቱም ሳቁ። ግን ያን ቀን ወንበራቸውን ገና በፀሐይ አስገቡት፤ ማግስቱንም አላወጡትም።

ሳምንት ሳይሞላ ሐሳባቸውን ቆርጠው እራት ላይ ተናገሩ። «ጡብ ሠሪው ጡቡን የሚያሰጣበት ሜዳ አጥቷል» አሉ ሾርባቸውን እያማሰሉ። «ዛፎቹን አስነቅዬ ቦታውን ልሰጠው ነው።»

«የአባዬን ዛፎች?» አለች ሚስቱ።

«አባትሽ የተከለው የሚበላ ብርቱካን ነው። ይሄ እሱ የተከለው አይደለም።»

ቀቢው ማንኪያውን አስቀመጠ። በዚያ ቤት ውስጥ ከአማቱ ጋር ሲከራከር ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ አማቱ ራሳቸውም ስላልጠበቁት ወደ እሱ ዘወር አላሉም።

«እማማ፣ አንድ ለቀማ ይታገሡኝ» አለ። «የሚመጣው ፍሬ እንዲሁ ከሆነ እኔው ራሴ እነቅላቸዋለሁ።»

አሁን ዘወር አሉ። ብዙ ጊዜ አዩት። «አፍህን ሞልተህ ነው የተናገርከው» አሉ። «ይሁን። ጡብ ሠሪውንም ታገሥ እለዋለሁ።»

ማግስቱን ከየመስመሩ ቅጠል ቆርጦ፣ ሁለት ሦስት ብርቱካንም ጨምሮ፣ ከሚስቱ ስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ቋጥሮ ከከተማው ዳር ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ሄደ። የጣቢያው ባለሙያ በዕድሜ ልጁ የምትሆን፣ በጥፍሮቿ ሥር አፈር ያለባት ሴት ናት። ቅጠሉን መስኮቱ ላይ በብርሃን አገላብጣ አየችው፤ ብርቱካኑን ከፈለችው፤ ሙጫውን በቢላ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«አፈራችሁ ነጣ ያለ ነው?»

«እንደ ኖራ ነው፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። ዛፎቹ የጎደላቸው ዚንክና ቦሮን ነው። ሰው ምግቡ ላይ ጨው እንደሚፈልግ ሁሉ ዛፍም እነዚህን በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ ይፈልጋል። ዚንኩ አፈሩ ውስጥ ላይጠፋ ይችላል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ግን ጠፍንጎ ይይዘውና ለሥር አይለቅም። ዚንክ ሲያጥር ቅጠሉ ይጠባል፣ ፍሬው ያንሳል፣ ልጣጩ ይወፍራል። ቦሮን ሲያጥር ደግሞ አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል፤ የቋጠረውም ይደርቃል፣ ሙጫ ያወጣል። ስለዚህ መላው በሥር አልገባ ያለውን በቅጠል ማብላት ነው።

«ዛፍ በቅጠሉ ይበላል እንዴ?»

«ይበላል። ለጋው ቅጠል ይበልጥ ይበላል፤ በጀርባው በኩል ደግሞ ይበልጥ። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው። ተባይ አይገድልም፣ በሽታ አያድንም። ቦሮኑ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሲያንስ ዛፉ ይራባል፣ ትንሽ በዛ ሲል ያቃጥለዋል። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ቁልል እንዳይሆን።»

መንገዱን ሙሉ «ልሙጥ እንጂ ቁልል አይደለም» እያለ በቃሉ ሲደግም መጣ። የግቢውን በር ሲከፍት አማቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጁ ላይ ያሉትን ከረጢቶች አዩ።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምግብ» ሊል አፉን ከፈተ። ለዛፍ ምግብ በማንኪያ ለክቼ በቅጠሉ ላበላው ነው ቢላቸው የሚመልሱለት መልስ ገና ሳይናገሩት ተሰማው። ከነገ ጀምሮ ሰፈሩ ለዛፍ ሾርባ የሚያጠጣ ሰው እያለ ሲያላግጥበት ታየው።

«መድኃኒት» አለ።

«ማን አዘዘው?»

«ዶክተሯ።»

የአማቱ ፊት ፈታ አለ። መድኃኒት የሚያውቁት ነገር ነው፤ የራሳቸው የደም ግፊት ኪኒን ከራስጌያቸው አይጠፋም። «ታዲያ እንዲህ አትልም?» አሉ። «በሽታ ከሆነማ መላ አለው።»

ለሚስቱ ግን ለብቻዋ እውነቱን ነገራት።

«ታዲያ ለእማዬ ለምን መድኃኒት አልካት?»

«ምግብ ብላቸው ይስቁብኛል።»

«እሷ ስትስቅብህ ከፍቶህ ያውቃል?»

«ሁልጊዜ» አለ።

ሚስቱ ስፌቷን አቁማ አየችው። ይህን ሁሉ ዓመት አብራው ኖራ ይህን አታውቅም ነበር። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ እሱም እሷ ስትስቅ ብዙም አልከፋውምና አብሯት ሳቀ።

ዛፎቹ ለጋ ቅጠል እስኪያወጡ ጠበቀ። ቅጠሎቹ ገና ለስላሳ ሆነው ግን ዘርጋ ማለት ሲጀምሩ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ዚንኩን በርሜል ውስጥ በውሃ በጠበጠ፤ ቅጠል እንዳይለበልብ ጥቂት ኖራ ጨመረበት፤ ውሃው ቅጠሉ ላይ ኳስ እየሠራ እንዳይንከባለል ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አደረገበት። ሁሉንም ከሚስቱ በለመነው ስስ ጨርቅ አጥልሎ መርጫው ውስጥ ሞላና መርጫውን አዘለ።

የቀለም ቀቢ እጅ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። መርጨት ውሃ ማፍሰስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀቢው ግን ቀለም ከተንጠባጠበ መብዛቱን፣ ከተዥጎረጎረም ማነሱን ያውቃል። ከዛፉ ሆድ ጀምሮ ወደ ውጭ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የመርጫውን ጫፍ ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ የቅጠሎቹን ጀርባ እያረጠበ ይሄዳል። የረጠበውን እንዳይነካ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚወጣው፤ ወለል ቀብቶ በበሩ እንደሚወጣ ሰው። ሚስቱ መስኮቷ ሥር ሆና የመርጫውን እስትንፋስ ትሰማለች። እጁ የሚስበውና የሚለቀው በእኩል ምት ነበርና የስፌት መኪናዋን እግር በዚያው ምት እየረገጠች መሆኗን ድንገት አስተዋለች።

አማቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ወሰዱ?»

«ምኑን?»

«መድኃኒታቸውን ነዋ።»

«እየወሰዱ ነው፣ እማማ።»

«ማታስ?»

«ማታ የለም። የሚቀጥለው የሚሰጣቸው እምቡጥ ሲያወጡ ነው።»

«ወይ የአንተ ዶክተር» አሉ። «እኔን ጠዋትና ማታ ነው ያለኝ የእኔው።» ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ተመለሱ።

አዲሱ ቅጠል ከበፊቱ ሰፋ ብሎ፣ ብጫውን እየለቀቀ መጣ። አማቱ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሚስቱ ግን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ እናቷ አንዱን ቅጠል በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚነካ ሰው ሲያሻሹት አየቻቸው። እንዳላየች ሆና አለፈች።

እምቡጡ ሳይፈነዳ የቦሮኑ ተራ ደረሰ። ቀቢው ያን ጠዋት እንደ ወትሮው አልነበረም። ለእያንዳንዱ በርሜል ማንኪያውን ሞልቶ፣ ቁልሉን በቢላ ጀርባ ጠርጎ፣ ዓይኑን ከማንኪያው ጋር እኩል አድርጎ እያየ ይጨምራል። አንድ መስመር አንድ በርሜል ይበላል። መጨረሻ ለቀረው፣ በአጥሩ ጥግ ላለው መስመር በጥብጦ ሲጨርስ ማጥለያው ጨርቅ በዝቃጭ ተደፍኖ አገኘው፤ ሊያጥበው ወደ ቧንቧው ሄደ። ሲመለስ አማቱ ከበርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ።

«ለዚህ ሁሉ ዛፍ ይቺው ናት?» አሉ ወደ ማንኪያው እያዩ።

«ትበቃለች፣ እማማ።»

«እንጃ» አሉና ተነሱ።

ከቀናት በኋላ የአጥሩ ጥግ መስመር ቅጠሎች ጫፍ ጫፋቸው ገረጣ፤ ከዚያ ዳር ዳራቸው እንደ ተጠበሰ ወረቀት ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ መርገፍ ጀመሩ። እምቡጡም አብሮ ረገፈ። የሌሎቹ መስመሮች ቅጠል ግን ደህና ነው። ቀቢው የወደቁትን ቅጠሎች በባርኔጣው ለቅሞ እየሮጠ ጣቢያው ደረሰ።

ባለሙያዋ ብዙ አላገላበጠችም። «ቦሮን በዝቶበታል» አለች።

«ቁልሉን በቢላ ጠርጌ ነው የለካሁት።»

«አምንዎታለሁ፣ ጋሼ። ቅጠሉ ግን የሚለው ሌላ ነው።» ፊቱን አይታ ድምጿን አለሰለሰች። «ያ መስመር ከእንግዲህ ምንም እንዳይነካው። ውሃ ብቻ፣ እስኪጠግብ። ከሥሩ አጥቦ ያወርደዋል። የዘንድሮውን ፍሬ ግን ከሱ አይጠብቁ።»

ጡብ ሠሪው ወሬ አይቶ ለመሄድ ብቅ ያለው በዚያው ሰሞን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሥራው ቦታ የጠበበው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። የተራቆተውን መስመር ሲያይ፣ «እነዚህስ ገና ሳልነካቸው ራሳቸው ሊለቁልኝ ነው መሰለኝ» አለ። ቀቢው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው።

የሚያስጨንቀው መስመሩ ብቻ አልነበረም። እጁን ተጠራጠረ። ዕድሜውን ሙሉ ያመነው አንድ ነገር ቢኖር እጁ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃ አስቀምጦ ማንኪያውን እየሞላ፣ በቢላ እየጠረገ፣ እየደፋ፣ እንደገና እየሞላ ተቀመጠ። ትናንሽ የጨው ክምሮች ጠረጴዛውን ሞሉት። ሁሉም እኩል ናቸው። ይህም አላጽናናውም።

«እጅህ ምንም አልሆነም» አለች ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። «እኔ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ጠፍቶኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምናልባት ፀሐይ ይሆናል።»

«ፀሐይማ ለሁሉም መስመር እኩል ነው የወጣችው።»

አማቱ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የጨው ክምሮቹ ላይ ነው። እጃቸው ሄዶ አንዱን ክምር በጣታቸው በተነው።

«ጨውን ተወው» አሉ።

«ትንሽ ልሞክር ነው፣ እማማ።»

«ተወው አልኩህ። እኔ ነኝ።»

ቀቢው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

«ጨርቁን ልታጥብ ስትሄድ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩበት። ከከረጢቱ አንድ እፍኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «እማዬ» አለች ሚስቱ፣ «ምን ነካሽ?»

«አንሶ ነዋ» አሉ አማቱ። ድምፃቸው የቁጣ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሳቸውም ያወቁ አይመስሉም። «የአባትሽን መድኃኒት ስሰጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። በልኩ ነው የሰጠሁት። አንድ ቀን አላዛነፍኩም፣ አንድ ጠብታ አላበዛሁም። በልኩ ሰጥቼው ሞተ። ይኸው ደግሞ ይሄ ልጅ በማንኪያ እየለካ፣ ያቺኑ በቢላ እየጠረገ… አላስችል አለኝ።»

ቀቢው ንዴት እስኪመጣበት ጠበቀ፤ አልመጣም። ዛፎቹን ካልነቀልኩ ያሉት ሴትዮ ከሁሉም በላይ እንዲድኑ የሚፈልጉት መሆናቸው ገና አሁን ገባው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብሯቸው ሲኖር ከማላገጣቸው ሌላ ያየባቸው ነገር አልነበረም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «መድኃኒት አይደለም፣ እማማ።»

«ምን?»

«ምግብ ነው። በቅጠላቸው ነው የሚበሉት። እንዲህ ነው፣ እንደዚህ ጨው። ትንሽ ካልገባ አይጥምም፣ ከበዛ ደግሞ…» እጁን ወደ ጨው ክምሮቹ ዘረጋ።

አማቱ ክምሮቹን አዩ፣ እሱን አዩ።

«እና ለምን መድኃኒት አልከኝ?»

«ይስቁብኛል ብዬ።»

አሰቡበት። «እስቅ ነበር» አሉ። «እስቅብህ ነበር። ግን ሾርባ ውስጥ እፍኝ ጨው አልጨምርም ነበር።»

ሚስቱ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን በምትሰፋው ጨርቅ ሸፈነች። ቀቢው ግን ሳይደብቅ ሳቀ፤ ሰውየው እንደዚያ ሲስቅ በዚያ ቤት ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የተቃጠለው መስመር ውሃ ሲጠጣ ከረመ። ሌሎቹ አበቡ፣ ቋጠሩ፤ ፍሬው እንደ በፊቱ በየነፋሱ ሳይረግፍ እየከበደ ቅርንጫፉን ወደ ታች ሳበው። ቀቢው ከመልቀሙ በፊት አንዱን ቆርጦ ቤት አስገባ። ልጣጩ ስስ ሆኖ በጣት ይላቀቃል። አማቱ ራሳቸው ከፈሉት፤ ውሃው በእጅ አንጓቸው ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። ዝም ብለው በሉ። ሁለተኛውን ክፋይ ለልጃቸው ሰጡና ሦስተኛውን ራሳቸው ደገሙት። ለአማቻቸው የደረሰው ልጣጩ ነው፤ እሱ ግን ቅሬታ አልነበረውም፤ ልጣጩን ብርሃን ላይ ይዞ ስስነቱን ሲያይ ቆየ።

ጡብ ሠሪው በቀጠሮው መጣ። አማቱ ወንበር ሰጡት፣ ብርቱካንም ሰጡት። በላ። ሌላም ጨመሩለት፤ ያንንም በላ።

«ጥሩ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ይሄን ንቀልልኝ የሚል አፍ የለኝም። ግን እማማ፣ ቃልም አለን።»

«ቃላችን ፍሬው እንዲሁ ከሆነ ነው።»

«እሱስ እሺ። ያ የአጥሩ ጥግ መስመር ግን አንድም አላፈራም። እሱን ብቻ ይስጡኝ። እንደምንም ይበቃኛል።»

ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። ቀቢው ወደ መስመሩ አየ። ሌሎቹ በፍሬ ተጎንብሰው ሳለ እነዚያ ብቻ ግማሽ እርቃናቸውን ቆመዋል። ፍሬው ካላማረ እኔው እነቅላለሁ ያለው በገዛ አፉ ነው። ቃሉን ለዛፉ ሲል ማጠፍ ይችል እንደሆነ በሆዱ ቢያገላብጠው መውጫ አላገኘለትም። ምንም ሳይናገር ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዶ መቆፈሪያውን ይዞ መጣ።

«ያን አስቀምጠው» አሉ አማቱ።

«ብያለሁ እኮ፣ እማማ። እነዚህ አላፈሩም።»

«እነሱማ ምን ያፍሩ? አቃጥያቸው። የራሴን ጥፋት በእነሱ አላስነቅልም።» ወደ ጡብ ሠሪው ዞሩ። «አንተ የፊቱን ግቢ ውሰድ። ፀሐይ አለው፣ ለመኪናም ይመችሃል።»

የፊቱ ግቢ ማለት የቤቱ መስኮቶች የሚያዩበት፣ አማቱ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉበት ቦታ ነው። ጡብ ከተሰጣበት ወሬም አላፊም ከዚያ ይርቃል።

«እማዬ፣ አቧራውስ?» አለች ሚስቱ። «የሰፋሁት ልብስ ሁሉ…»

«የስፌት መኪናሽን ወደ ኋላው መስኮት አዙሪ። የኋላው ይሻላል፣ የሚታይ ነገር አለው።»

ጡብ ሠሪው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ የፊቱን ግቢ በእርምጃው ሊለካ ቸኩሎ ወጣ። ቀቢው መቆፈሪያውን ይዞ እዚያው ቆመ። አመሰግናለሁ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ለዚህ ጉዳይ አነሰበት፣ ሌላ ደግሞ አላገኘም። መቆፈሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ አማቱን በክንዳቸው ያዘና ወደ ተቃጠለው መስመር ወሰዳቸው። አንዱን ቅርንጫፍ ጎንበስ አደረገላቸው። በተራቆተው ጫፍ ላይ የአይጥ ጆሮ የሚያህል ለጋ ቅጠል ወጥቷል፤ ዳሩ ሙሉ ነው፣ አልተለበለበም።

«ከርሞ ያፈራሉ?» አሉ አማቱ።

«አላውቅም።»

«ዶክተሯስ?»

«እሷም አላወቀችም።»

ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«በዚህ በኩል ነው የሚበሉት?»

«በዚህ በኩል።»

«ዘንድሮስ ምን ይሰጣቸዋል?»

«ዘንድሮ ውሃ ብቻ።»

«ውሃ ብቻ» አሉ አማቱ ቅር እያላቸው፣ ለመጣ እንግዳ የሚያቀርቡት እንዳጡ ሁሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ለአማቻቸው አስያዙትና ቱቦውን ሊጎትቱ ሄዱ።